ሒሳቡ ለማን ይቀርባል? ስለ ልግስናና ስለ ተቀባዩ ድምፅ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተጻፈውን ታሪክ አብዛኞቻችን የምናውቀው ስለ ዲያቆናት አመሠራረት ሲነገር ነው። ታሪኩ ግን የሚጀምረው በማዕርግ ሳይሆን በማጉረምረም ነው። በኢየሩሳሌም በነበረችው የመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ ምግብ ይታደል ነበር፤ በእደላውም የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት መበለቶች ተዘነጉ፤ ወገኖቻቸውም አጉረመረሙ። ሐዋርያት ይህን ማጉረምረም እንደ ምስጋና ቢስነት አልቈጠሩትም። በነፃ የሚበላ ሰው ምን አንደበት አለው ብለውም አልገሠጹም። ጉባኤውን ጠርተው ሕዝቡ ራሱ ሰባት ሰዎችን እንዲመርጥ አደረጉ። የተመረጡትም ከእስጢፋኖስና ከፊልጶስ ጀምሮ እስከ ኒቆላዎስ ድረስ ሁሉም የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው፤ ስለዚህም ብዙ የቅዱሳት መጻሕፍት ተርጓሚዎች ማዕዱ በአደራ የተሰጠው አቤቱታ ካቀረበው ወገን ለወጡ ሰዎች እንደ ሆነ ይገምታሉ።

ይህን ታሪክ ዛሬ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት (ዩ.ኤስ.ኤይድ) እና የዓለም የምግብ ፕሮግራም፣ እህሉ ከታሰበለት ሰው እጅ ሳይደርስ ወደ ሌላ እየሄደ ነው በማለት በመላው ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታቸውን አቋረጡ፤ እደላው የተመለሰው ከወራት በኋላ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ፤ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. የተራድኦ ድርጅቱ ራሱ ሥራውን አቆመ። ካቶሊክ ሪሊፍ ሰርቪስን የመሰሉ የቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ተቋማት በዚያ ገንዘብ ያካሂዷቸው የነበሩ ብዙ ፕሮግራሞች ታጠፉ ወይም ጠበቡ።

በቆቦና በራያ ቆላ ያለው ሕዝብ ይህ ዜና የደረሰው በምን ሁኔታ ላይ ሳለ እንደ ነበር እናስብ። በ2013 ዓ.ም. መባቻ ላይ የበረሃ አንበጣ ሊታጨድ የደረሰውን ማሽላና ጤፍ በላው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ጦርነቱ ከከተማዪቱ ደረሰ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ንብረት ተዘረፈ፣ መብራትና ስልክ ተቋረጠ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው እንደ ገና ሲቀሰቀስ የጀመረው በዚያው በቆቦ አካባቢ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል። በዚህ ሁሉ ያለፈ ሰው «አሁንስ ማን ይረዳናል?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ከዚህ የሚቀድም አንድ ሌላ ጥያቄ አለ ብለን እናምናለን፤ እርሱም በድኾች ስም የሚሰጥ ገንዘብ ሒሳቡ ለማን ይቀርባል? የሚለው ነው። ጥያቄው የሒሳብ ሠራተኞች ጉዳይ ይመስላል። እኛ ግን የኅሊና ጉዳይ ነው እንላለን።

ራያ ቆላ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መመርመሪያ የሚሆነው በሃምሳ ዓመት ውስጥ የእርዳታን ዓይነት ሁሉ ያየ አገር በመሆኑ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሀብ ሲያልቅ ነገሩ በመጀመሪያ ተሸፍኖ ነበር፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም ሲታይ ዓለም ዐወቀው። በኋላ ሲ.አር.ዲ.ኤ. በሚል ስም የታወቀው የክርስቲያን የእርዳታና የልማት ማኅበር የተመሠረተውም በዚያው ረሀብ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በ1977 ዓ.ም. ከአላማጣ ሽቅብ ባለችው በኮረም የታየው እልቂት፣ የማይክል ቡርክና የመሐመድ አሚን የቴሌቪዥን ዘገባ፣ ከዚያም የሙዚቀኞቹ ገንዘብ ማሰባሰብ ለሁሉ የታወቀ ነው። የካቶሊክና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በዚያ ጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው እህል አጓጉዘዋል። በዚያ እህል የተረፉ ሰዎች ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል። ስለ እርዳታ ክፉ መናገር ዘመናዊ አነጋገር በሆነበት በአሁኑ ጊዜ ይህን ሳያስታውሱ ማለፍ ግፍ ነው።

ይሁን እንጂ ሕይወትን ማትረፍና ኑሮን መለወጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የተራበ ሰው ዳቦውን ማን እንደ ላከው ሳይጠይቅ ቢበላ ነፍሱን ያተርፋል። ኑሮው የሚለወጥለት ሰው ግን ስለ ለውጡ ሳይጠየቅና ሳይጠይቅ ለውጥ የሚባል ነገር አይኖርም። ለዚህም ወሎ ራሷ ምስክር ናት። ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም በተራሮቹ ላይ እጅግ ብዙ እርከን ተሠራ፣ እጅግ ብዙ ችግኝ ተተከለ፣ ኮረብታዎች ከከብት ተከለሉ። ሥራው መልካም፣ ዓላማውም ቅን ነበር። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሕዝቡ በብዙ ስፍራ ራሱ የተከለውን ዛፍ ራሱ ቈረጠው፤ እርከኑንም አፈረሰው። ይህን ያደረገው የዛፍን ጥቅም ስላላወቀ አይደለም። ዛፉ በስንዴና በዘይት የተከፈለበት የመንግሥት ዛፍ እንጂ የእርሱ ስላልነበረ ነው። የት ይተከል፣ ምን ይተከል፣ ሣሩን ማን ይጨድ በሚለው ላይ አልመከረም፤ ያልመከረበትንም ነገር የሚጠብቅበት ምክንያት አልታየውም።

ከዚህ ይልቅ የራያን የጎርፍ መስኖ ነገር ጠለቅ ብለን ብናይ የበለጠ እንማራለን። ቆቦ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ በግዳንና በላስታ ደጋዎች መካከል የተዘረጋች ሜዳ ናት። በሜዳው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ለረጅም ጊዜ የሚቈየውን ማሽላ ለማድረስ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ነገር ግን በሐምሌና በነሐሴ በደጋው ሲዘንብ ጎቡ፣ ሆርማትና ጎሊና ይሞላሉ፤ ጎርፉም ለጥቂት ሰዓታት፣ አንዳንዴም በሌሊት ይመጣል። ገበሬው ያንን ጎርፍ በድንጋይ፣ በአሸዋና በእሾህ ቅርንጫፍ በሠራው ክትር ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ክትሩ በኀይለኛ ጎርፍ ይፈርሳል፤ እንደ ገና ይሠራል። በአንድ ክረምት ሁለትና ሦስት ጊዜ መሥራት የተለመደ ነው። ለመሥራት የሚወጣው ደግሞ አንድ ሰው ሳይሆን በዚያ ቦይ የሚጠጣው ማሳ ባለቤት ሁሉ ነው። ተራውን የሚያስጠብቁ፣ ከላይ ያለው ማሳ ጠጥቶ ሳይጠግብ ወደ ታች ያለው እንዳይነጥቅ፣ ከላይ ያለውም ጠግቦ እንዳይዘጋ የሚዳኙ፣ ለሥራ ያልወጣውን የሚቀጡ የውኃ አባቶች አሉ። በጨለማ፣ በዝናብ፣ ጎርፍ እያገሳ በሚመጣበት ሰዓት የሚሰጥ ዳኝነት ነውና ሕዝቡ ለዚህ የሚመርጠው ሰው ማን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል።

ከቆቦ በስተሰሜን፣ በአላማጣና በመኾኒ በኩል ባለው የራያ ሸለቆ፣ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ይህን አሠራር ለማሻሻል ታስቦ የሲሚንቶ ጎርፍ መጥለፊያዎች ተሠሩ። የታሰበው ገበሬውን በየዓመቱ ክትር ከመሥራት ድካም ማሳረፍ ነበር፤ ማንም የሚመኘው ነገር ነው። ግን የወንዙ ጎርፍ ውኃ ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ደለል፣ ድንጋይ፣ ግንድና ቅርንጫፍ ይዞ ይመጣል። ጠባብ የብረት መዝጊያ ያላቸው መግቢያዎች በደለልና በቅርንጫፍ ተደፈኑ፤ በበርካታ ስፍራዎች ገበሬዎቹ ከሲሚንቶው አጠገብ የቀድሞውን ሰፊና ልቅ የአፈር ክትር መልሰው ሠሩ። ሰፊ የሆነበት ምክንያት ነበረው፤ ደለሉን የሚያሳልፈው ስፋቱ ነው። ይህን የሚያውቁት ደግሞ የውኃ አባቶች ናቸው። የእነርሱ ዕውቀት ከንድፉ በፊት ቢጠየቅ ኖሮ ምን ያህል ገንዘብ ይድን ነበር? ሆኖም ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ሥራው ተመርቆ ሪፖርቱ ሲላክ፣ የተሠራው መጥለፊያ በሪፖርቱ ላይ ተሠርቶ አልቋል፤ ዓላማው ተሳክቷል። ከሁለት ክረምት በኋላ ተደፍኖ የቆመውን መጥለፊያ የሚያዩት ገበሬዎች ግን ለገንዘቡ ባለቤት ሪፖርት የሚልኩበት መንገድ የላቸውም። ሥራውን በእውነት ሊመዝኑ የሚችሉት ሰዎች ከመዛኞች መካከል የሉም።

በቆቦ በኩል ደግሞ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ከመሬት በታች ያለውን ውኃ በጥልቅ ጉድጓድ እያወጣ ሽንኩርትና ቲማቲም እንዲመረት አድርጓል። ብዙ ገበሬ ተጠቅሞበታል። ይህ ግን ፓምፕ፣ ኤሌክትሪክና መለዋወጫ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ መብራት በጠፋባቸው በጦርነቱ ወራት ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ፓምፕ ሁሉ ዋጋ አልነበረውም። የጎርፉ ክትር ግን ከሰው ጉልበትና ከሰው ስምምነት በቀር የሚፈልገው ነገር የለም። ሁለቱን የምናነጻጽረው አንዱን ለማናናቅ አይደለም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አዋጅ ቁጥር 841/2006 የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት በሕግ እንዲቋቋሙ መደንገጉም ከውኃ አባቶቹ ሥርዓት ጋር የሚስማማ መልካም ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ሊከራከረን ይችላል፦ ገንዘቡ የሰጪው ነው፤ ሰጪ ደግሞ ሒሳብ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ተቀባዩ በነፃ ያገኘውን ነገር እንዴት ይመረምራል? ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ሚዜሬኦር የተባለው የጀርመን ጳጳሳት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1958፣ የአየርላንዱ ትሮኬር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲቋቋሙ ዋና ምንጫቸው የዐቢይ ጾም መዋጮ ነበር። የአየርላንድ ሕፃን ከረሜላ ሳይበላ ጾሞ በወረቀት ሣጥን ያጠራቀማት ሳንቲም የት እንደ ደረሰች የማወቅ መብት አለው። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድኾች ከመቄዶንያና ከአካይያ ያሰባሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልወሰደም። በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 እንደምናነበው ከቲቶ ጋር በአብያተ ክርስቲያናት የታመኑ ወንድሞችን የላከው፣ በዚህ ብዙ ገንዘብ አስተዳደር ማንም ነቀፋ እንዳያነሣበት ብሎ ነው። ሒሳብ ማቅረብ የፈረንጅ ፈሊጥ አይደለም፤ ሐዋርያዊ ልማድ ነው። በ2015 ዓ.ም. የእርዳታ እህል ወደ ሌላ ሄደ ሲባልም የተበደሉት አሜሪካውያን ግብር ከፋዮች ብቻ አልነበሩም፤ ከሁሉ በፊት የተበደለው ስሙ በዝርዝሩ ላይ ተጽፎ እህሉን ሳያገኝ የቀረው ሰው ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያለን ሕዝቦች ነንና የሒሳብ ቁጥጥር አያስፈልገንም የሚለን ሰው ቢመጣ የምንስማማው አይደለንም።

እኛ የምንለው ሒሳቡ ወደ ላይ ብቻ መቅረቡ አይበቃም ነው። የዚህም ምክንያት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ ይገኛል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ሕዝቦች ዕድገት በጻፉት መልእክት የቅዱስ አምብሮስዮስን ትምህርት በማስታወስ እንዳስረዱት፣ ባለጠጋው ለድኻው የሚሰጠው ከገዛ ገንዘቡ የቸረውን ሳይሆን የድኻውን ድርሻ እየመለሰለት ነው። የምድር በረከት በመጀመሪያ ለሁሉ የተፈጠረ በመሆኑ ነው። ይህን ትምህርት በቃል ተቀብለን በሥራ ካልተውነው በቀር ተቀባዩ በገንዘቡ ላይ የሚናገረው ነገር እንዳለው መካድ አንችልም። የራሱ ድርሻ የተመለሰለት ሰው ምን ያህል እንደ መጣ፣ ምን ያህሉ በመንገድ እንደ ቀረ፣ የቀረውም በምን ምክንያት እንደ ሆነ መጠየቅ ይችላል። ብድር የሚመልስለትን ሰው ያመሰግነዋል፤ ግን ቈጥሮ ይቀበላል።

ቈጥሮ መቀበልና ቈጥሮ መስጠት ደግሞ ለራያ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። በሌላው አገር ዕድር የሚባለው በወሎ ቅሬ ይባላል። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር በሚኖርበት ስፍራ ቅሬውም ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ሰው ሲሞት ማን መቃብር ይቈፍራል፣ ማን ውኃና እንጨት ያመጣል፣ ማን ለቅሶ ቤት ያድራል የሚለው የተደለደለ ነው። ገንዘቡና እህሉ በአባላቱ ፊት ይቈጠራል። ያልከፈለ ይታወቃል፤ የቅሬው ዳኛ ያጎደለ እንደ ሆነም ይታወቃል። ፊደል ያልቈጠሩ እናቶች እንኳ ባለፈው ዓመት ማን ምን እንዳዋጣ በቃላቸው ይናገራሉ። የሒሳብ መርማሪ ከአዲስ አበባ አይመጣም፤ ግን ዳኛው ነገ በዚያው መንደር ይኖራል፣ ነገ እርሱም ይሞታል፣ ነገ እርሱንም የሚቀብረው ያው ቅሬ ነው። ከዚህ የበለጠ ዋስትና ያለው የሒሳብ ሥርዓት እናውቃለን ለማለት ያስቸግረናል። በደም የተቃቃሩትን ለማስታረቅ ዘወልድ የሚባለውን የሽማግሌዎች ሥርዓት ይዞ የኖረ፣ አባጋር የሚባሉ አስታራቂዎችን የሚያከብር አገር፣ ሕዝብ የሚያምነውን ሰው የመምረጥ ችሎታ ጎድሎት አያውቅም። ብዙ ፕሮጀክቶች ግን በዚያ መንደር ሲገቡ ያለውን ቅሬ አልፈው አዲስ ኮሚቴ ያቋቁማሉ። ኮሚቴው ፕሮጀክቱ እስካለ ድረስ ይሰበሰባል፤ አበሉ ሲቆም እርሱም ይቆማል።

በዚህ አነጋገር ቅሬውን ቅዱስ ማድረጋችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። መዋጮ መክፈል ያቃተው የመጨረሻው ድኻ ከቅሬ ውጭ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ሴቶች ሥራውን ይሠራሉ፤ ዳኝነቱን ግን ብዙ ጊዜ አያገኙም። በውኃውም ቢሆን የላይኛው ማሳ ባለቤት ጉልበተኛ ከሆነ የታችኛው ሊጠማ ይችላል። ከሌላ ስፍራ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ማንም የማያውቀው በመሆኑ ድምፅ የለውም። ስለዚህ «ለሕዝቡ ስጡት» ማለት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ሕዝብ ስንል በሕዝቡ ውስጥ የተዘነጉትን መበለቶች ማሰብ አለብን። የኢየሩሳሌሙ እደላም የተዛባው በባዕድ እጅ ሳይሆን በራሷ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ለጋሽ ሊሠራው የሚችል አንድ ታላቅ በጎ ነገር አለ፤ ይኸውም በመንደሩ ያልተሰማውን ድምፅ እንዲሰማ መጠየቅ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ያስተማሩት ታናሹ ማኅበር ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ታላቁ እንዳይነጥቀው ነው፤ ታላቁ ጨርሶ እንዳይመለከት ግን አይደለም። መደገፍ እንጂ መተካት አይገባም ማለት ነው።

የሀገራችን ሕግም ይህንኑ ነገር በሌላ በኩል ሲዳስሰው ቈይቷል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር፤ በዚያው አዋጅም የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተደረገ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ክልከላውን አነሣ፤ የአስተዳደር ወጪውን ግን 20 በመቶ አደረገው። የመቶኛው ዓላማ ግልጽ ነው፤ በድኾች ስም የመጣው ገንዘብ በመኪናና በስብሰባ እንዳያልቅ ነው። ግን መቶኛ ብቻውን ምን ይመዝናል? በቆቦ ገጠር መንደር ለመንደር ዞሮ ሰው የሚያናግር ሠራተኛ ደመወዝ ወጪ ነው፤ ሰው ሳያናግሩ መጋዘን መሥራት ግን «ለዓላማው የዋለ» ይባላል። የትኛው እንደሚጠቅም የሚያውቀው ደግሞ የመንደሩ ሰው ነው፤ በዚህም ላይ የሚጠይቀው የለም።

ከልግስና ይልቅ ንግድ ይሻላል የሚሉ ወገኖችም አሉ። ለማኅበራዊ ጥቅም የሚነግድ፣ ትርፉን ወደ ዓላማው የሚመልስ ድርጅት ቢቋቋም ድኻው ተቀባይ ሳይሆን ደንበኛ ይሆናል፤ ደንበኛ ደግሞ ካልተስማማው ትቶ ይሄዳል ይላሉ። በዚህ አባባል ውስጥ ብዙ እውነት አለ። በክልላችን ያለው ትልቁ ምሳሌ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አመልድ በሚባለው የልማት ድርጅት ሥር ተጀምሮ፣ በ1997 ራሱን የቻለ አክሲዮን ማኅበር ሆነ፤ መያዣ ለሌላቸው ገበሬዎችና ሴቶች በቡድን ዋስትና ያበድር ነበር። የብድር ደጅ ተዘግቶበት በአራጣ አበዳሪ እጅ የነበረ ስንቱ ሰው በዚህ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ጸደይ ባንክ ሆነ። በጎ አድራጎት ሆኖ የተፀነሰ ሥራ ባንክ እስከ መሆን ማደጉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ባንክ ሒሳብ የሚያቀርበው ለባለ አክሲዮኖችና ለብሔራዊ ባንክ ነው፤ ዝናብ በቀረበት ዓመት ማሽላው ሳያፈራ የቀረበት ተበዳሪ ደግሞ «ትቼ እሄዳለሁ» ሊል አይችልም፤ ዕዳው አብሮት ይሄዳል። ዋስ የሆኑት ጎረቤቶቹም አብረው ይጨነቃሉ። ስለዚህ ንግዱ የደንበኛውን ድምፅ የሚሰማው ደንበኛው ገንዘብ እስካለው ድረስ ነው። ከዚያ በታች ላለው ሰው ነፃ ስጦታ ሁልጊዜ ያስፈልጋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2009 በጻፉት መልእክት በገበያው ውስጥ ራሱ የነፃ ስጦታ መንፈስ ሊኖር እንደሚገባ ማስተማራቸው፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 14ኛም በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ለድኾች ስለሚገባ ፍቅር ባሳተሙት መልእክት ምጽዋትን እንደ አሮጌ ነገር ለሚንቁ መልስ መስጠታቸው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ቁምስናዎች እንምጣ። በቆቦና በራያ የካቶሊክ ምእመናን ቍጥር ጥቂት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ስም የሚመጣው እርዳታ የሚደርሰው ከሞላ ጎደል ለኦርቶዶክሳውያንና ለእስላም ወንድሞቻችን ነው። ይህ ነገሩን የበለጠ ከባድ ያደርገዋል። የራሳችን ምእመን ካህኑን በቅዳሴ ማግሥት አግኝቶ ሊጠይቅ ይችላል፤ የዞብል ገበሬ ግን የእኛን ጉባኤ አይካፈልም፣ ይህንንም ጽሑፍ አያነበውም። ስለዚህ ለእርሱ የሚቀርበው ሒሳብ ወደ እርሱ መሄድ ይኖርበታል። ካቴኪስቶቻችን በዚህ ታላቅ ድርሻ አላቸው። ሕዝብን በቋንቋው አስቀምጦ ማስረዳት፣ ጥያቄን ሳይቈጡ መስማት የየዕለት ሥራቸው ነውና። ለመንደሩ የመጣው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ፣ ለእህል ስንት፣ ለመጓጓዣ ስንት፣ ለደመወዝ ስንት እንደ ዋለ፣ ቅሬው በሚሰበሰብበት ጥላ ሥር፣ ቄሱና ሼኩ ባሉበት፣ በአማርኛ ቢነበብ የሚጎዳው ማነው? ሴቶቹ ለብቻቸው የሚጠየቁበት ሰዓት ቢኖር፣ ስማቸው ከዝርዝሩ የቀረ ሰዎች ለምን እንደ ቀሩ የሚናገሩበት ቢሆን፣ የተባለውም ተጽፎ ከሪፖርቱ ጋር ለሰጪው ቢላክ? የአየርላንዱ ሕፃን ይህን ቢሰማ ሳንቲሙን ያስቀራል ብለን አንሠጋም። ይልቁንም ከፎቶግራፍ ይልቅ ከሰው ጋር ይተዋወቃል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ትንሽ ይመስላል። መንደሩ «ይህ ፕሮጀክት አይሆነንም» ብሎ እምቢ ማለት ይችላል ወይ? እምቢ ያለ መንደር ለሚቀጥለው ዓመት ከዝርዝር እንደሚወጣ የሚፈራ ከሆነ እሺታው እሺታ አይደለም። ከለጋሾች ጋር የሚዋዋሉ የሀገረ ስብከት ጽሕፈት ቤቶች በውሉ ላይ ይህችን አንዲት አንቀጽ እንዲያስገቡ እንለምናለን፦ ሕዝቡ ሐሳቡን ቢለውጥ ገንዘቡ ለዚያው ሕዝብ ለሌላ ሥራ ይውላል። ለጋሾች እንደሚቃወሙት አናስብም፤ ብዙዎቹ የሚጠይቃቸው አጥተው ነው።

የዐቢይ ጾም መዋጮ ሲደርስ ደግሞ የጊዜውን ነገር ማሰብ ይገባል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የብዙ ለጋሾች ዓመት ታኅሣሥ ላይ ያልቃል፤ የሆርማትና የጎሊና ጎርፍ ግን የሚመጣው በሐምሌ ነው። ክትሩ የሚጠገነው ከዚያ በፊት፣ በግንቦትና በሰኔ ነው። ጦርነቱ በሬውን የወሰደበት፣ ልጁን ያጣ፣ ጉልበቱ የደከመ ሰው ለክትር ሥራ መውጣት አይችልም፤ ካልወጣ ደግሞ ውኃ አይደርሰውም። ለዚህ ሰው በምትኩ የሚሠራ ጎረቤት ምሳና የቀን ዋጋ መክፈል ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ማን እንደ ሆነም የውኃ አባቶቹ በስም ያውቁታል። ከጾሙ መዋጮ ጥቂቱ ለዚህ ቢመደብና በሚያዝያ መጨረሻ በእነርሱ እጅ ቢገባ፣ ሒሳቡን ጎርፉ ካለፈ በኋላ በመስከረም ለቦዩ ተጠቃሚዎች ሁሉ ያቀርባሉ፤ ለእኛም አንድ ቅጂ ይልካሉ።